4,294,967,297ን በወረቀት እንዴት እንደበተንኩት

ፈረንሳዊው የሒሳብ ሊቅ ፌርማ እ.ኤ.አ. በ1640 ይህ ቁጥር ከ1ና ከራሱ ሌላ አካፋይ የሌለው ብቸኛ ቁጥር ነው ብሎ ገምቶ ነበር። ሌላው የሒሳብ ሊቅ ኦይለር በ1732 አፈረሰበት። እኔም በወረቀትና በእርሳስ ደገምኩት፤ ቀላል የሆነው ከማካፈሌ በፊት ስላጣራሁ ነው።

ቁጥሩ 32 ሁለቶች ተባዝተው 1 ሲጨመር የሚገኝ ነው። ስኩዌር ሩቱ ከ65,536 እምብዛም አይርቅም፤ ቁጥሩ ከተበተነ ትንሹ አካፋይ ከዚያ አይበልጥም፤ እስከዚያ 6,542 ብቸኛ ቁጥሮች አሉ። ሁሉን መሞከር ግን አያስፈልግም። 32 ሁለቶች ተባዝተው ለአካፋዩ ሲካፈሉ ቀሪው ከአካፋዩ በ1 ያንሳል፣ 64 ሲሆኑ ቀሪው 1 ይሆናል፣ ከዚያ በፊት 1 አይመጣም። አካፋዩ ብቸኛ ከሆነ ደግሞ ከእሱ በ1 የሚያንሱ ሁለቶች ሲባዙ ቀሪው ሁሌም 1 ነው። ስለዚህ ከአካፋዩ 1 ሲቀነስ የ64 ብዜት ነው የሚቀረው፤ የሒሳብ ሊቁ ሉካስ በኋላ ወደ 128 አጠበቀው። እጩዎቹ 129፣ 257፣ 385፣ 513፣ 641 እያሉ ይሄዳሉ። 129ና 513 በ3፣ 385 በ5 ይካፈላሉ። 257ም አይሆንም፦ 16 ሁለቶች ቀሪ 1 ስለሚሰጡት 32ቱም 1 ይሰጣሉ፣ 1 ሲጨመር ቀሪው 2 ነው።

641ን በረጅሙ አላካፈልኩትም፤ ቀሪዎቹን ብቻ ይዤ ሄድኩ። 8 ሁለቶች 256 ናቸው። 256 በራሱ ሲባዛ 65,536፣ ቀሪው 154። 154 በራሱ 23,716፣ ቀሪው 640። 1 ሲጨመር 641፣ አለቀ። ሌላው አካፋይ 6,700,417 ነው።

ብዙ ሰው እዚህ ያቆማል፤ 6,700,417 ራሱ ብቸኛ መሆኑ ግን ገና አልታየም። ስኩዌር ሩቱ 2,588 ገደማ ነው። በዚያው ወንፊት የሚያልፉት 641፣ 769፣ 1,153ና 1,409 ብቻ ናቸው፤ ቀሪዎቻቸው በተራ 44፣ 120፣ 334፣ 622። 641 እንደገና የሚሞከረው አንድ አካፋይ ሁለቴ ሊገባ ስለሚችል ነው። እንግዲህ አካፋዮቹ አራት ናቸው፣ ድምራቸው 4,301,668,356።

እኔን የሚያስደስተኝ ይሄኛው ነው። 641 ማለት 25×25 ሲደመር 4×4፣ 6,700,417 ደግሞ 2,556×2,556 ሲደመር 409×409 ነው። አቋርጣችሁ አባዙ፦ 25×2,556=63,900፣ 4×409=1,636፣ 25×409=10,225፣ 4×2,556=10,224። የፊተኞቹ ሁለቱ ድምር 65,536፣ የኋለኞቹ ልዩነት 1። መደመሩን በመቀነስ፣ መቀነሱን በመደመር ስትቀይሩት 62,264ና 20,449 ይወጣሉ። የሁለቱም ጥንዶች ስኩዌሮች ሲደመሩ ያንኑ ቁጥር ይሰጣሉ፤ ብቸኛ ቁጥር እንዲህ በሁለት መንገድ አይከፈልም።

ኮምፒውተር ላይ ወጥመዱ ሌላ ነው። በ32 ቢት (በ32 የ0ና የ1 ቦታዎች) ስትጽፉት ቁጥሩ 1 ሆኖ ይቀመጣል። በ2 የሚደረገው የፌርማ ፈተናም (ከቁጥሩ በ1 የሚያንሱ ሁለቶች ተባዝተው ለቁጥሩ ሲካፈሉ ቀሪው 1 መሆኑን የሚያየው) ይዋሻል፣ ብቸኛ ነው ይላል፤ በ3 ስትፈትኑት ግን ቀሪው 1 መሆኑ ቀርቶ 3,029,026,160 ይሆናል። ለዚህ ስሌት 64 ቢትም ሙሉ ዋስትና አይደለም፦ ትልቁ ቀሪ በራሱ ሲባዛ ልኩ 64 ሁለቶች ነው፣ 64 ቢት ከሚይዘው በ1 ይበልጣል። ፓይተን የተባለው የፕሮግራም ቋንቋ ግን ያለ ችግር ይሠራዋል።