ብለድቦርን ወደ ኮምፒዩተር መምጣት ያለበት ለምንድን ነው?

ኮምፒዩተር ላይ ጌም የሚጫወቱ ሰዎች ወሬ ሲጀምሩ ሳይነሣ የማያልፍ አንድ ጥያቄ አለ፤ ለኮንሶል (እንደ ፕሌይስቴሽን ላለ ለጌም ተብሎ ለተሠራ መሣሪያ) ብቻ ተሠርተው ከቀሩት ጌሞች መካከል የትኛው ወደ ኮምፒዩተር ቢመጣ ትመርጣለህ የሚለው ነው። የመኪና ውድድር የሚወድ ሰው ከ1997 ጀምሮ ከፕሌይስቴሽን ወጥቶ የማያውቀውን ግራን ቱሪዝሞን ያነሣል። ሌላው በ2005 ለፕሌይስቴሽን 2 የወጣውንና በሰፊ ባዶ ምድር ላይ ግዙፍ ፍጥረታትን እያፈላለጉ የሚገጥሙበትን ሻዶው ኦፍ ዘ ኮሎሰስን ይጠራል። የኒንቴንዶን ዜልዳ የሚመኙም ብዙ ናቸው፤ ኒንቴንዶ ግን ጌም የሚሠራው የራሱን መሣሪያ ለመሸጥ ጭምር ስለሆነ ይህ ምኞት ከሁሉም የራቀ ይመስለኛል። የእኔ መልስ ለዓመታት አልተለወጠም፤ ብለድቦርን ነው። (በዚህ ጽሑፍ የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ብለድቦርን በማርች 2015 ለፕሌይስቴሽን 4 የወጣ ጌም ነው። የሠራው ፍሮምሶፍትዌር የተባለው የጃፓን ኩባንያ፣ የመራው ሂደታካ ሚያዛኪ፣ ያሳተመውና መብቱን የያዘው ደግሞ ሶኒ ነው። ታሪኩ የሚካሄደው ያርናም በምትባል ጨለማ በወረሳት ከተማ ውስጥ ነው። ያርናም በደም ሕክምናዋ ዝናዋ የናኘ፣ ከየአገሩ በሽተኞች ፈውስ ፍለጋ የሚጎርፉባት ከተማ ነበረች፤ ነገር ግን ነዋሪዎቿን ወደ አውሬነት የሚለውጥ ደዌ ገብቶባት ሌሊቱ የአደን ሌሊት ሆኗል። ተጫዋቹም ከአዳኞቹ አንዱ ሆኖ ከተማዋን ያስሳል።

ይህን ጌም ከሌሎች የሚለየው የውጊያው ሥርዓት ነው። በፍሮምሶፍትዌር የቀድሞ ሥራዎች ተጫዋቹ ከጋሻው ኋላ ተሸሽጎ የጠላቱን ስሕተት መጠበቅ ይችል ነበር። እዚህ ግን የሚረባ ጋሻ የለም ማለት ይቻላል። በግራ እጅ ጠመንጃ፣ በቀኝ እጅ ደግሞ በአንድ ቁልፍ ቅርጹን የሚለውጥ መሣሪያ ይያዛል፤ ለምሳሌ ታጥፎ ሲያዝ እንደ መጋዝ የሚቆርጠው መሣሪያ ሲዘረጋ ከሩቅ የሚደርስ ረጅም ስለት ይሆናል። ከሁሉም በላይ ግን ተጫዋቹ ሲመታ የሚያጣው ጉልበት ወዲያው አይጠፋም፤ በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ ጠላቱን መልሶ ከመታ ያጣውን ያህል ሊያስመልስ ይችላል። ስለዚህ በተመታህ ቅጽበት ልብህ ሽሽ ቢልህም ጌሙ ግባ ይልሃል። ፍርሃትን ወደ ድፍረት የሚለውጥ እንዲህ ያለ ሕግ ብዙ ጌሞች ላይ አላየሁም።

ታሪክ የሚነግርበት መንገድም የራሱ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ውስጥ ተጫዋቹ ብርሃን የሚታይበት አንድ መስኮት ያንኳኳል። ከውስጥ አንዲት ትንሽ ልጅ እናቷ አባቷን ፍለጋ እንደወጣች እንዳልተመለሰች ነግራው እንዲፈልግላት ትለምነዋለች። እናቷ ቀይ ጌጥ እንደምታደርግ ትነግረውና አባቷ የሚወደውን ዜማ የምታሰማ ትንሽ የሙዚቃ ሣጥን ትሰጠዋለች። ተጫዋቹ እየተዋጋ መቃብር ስፍራው ሲደርስ አባ ጋስኮይን የተባለ ዓይኑን በጨርቅ የሸፈነ አዳኝ ሬሳ ላይ መጥረቢያውን ሲያሳርፍ ያገኘዋል፤ ከባድ ውጊያም ይጀመራል። በውጊያው መካከል ያችን የሙዚቃ ሣጥን የከፈተ ሰው ጋስኮይን ጭንቅላቱን ይዞ ሲንገዳገድ ያያል። ሰውዬው ማን እንደሆነ የሚገባን ያኔ ነው። ከመቃብሮቹ ራቅ ብሎ ካለ ጣሪያ ላይ የወደቀች ሴት ትገኛለች፤ ቀዩ ጌጥ እርሷ ላይ ነው። ጌጡን ለልጅቷ መስጠትና አለመስጠት ለተጫዋቹ የተተወ ነው። በዚህ ሁሉ ውስጥ ጌሙ ይህች እናትየዋ ናት፣ ይህ አባትየው ነው ብሎ አያስረዳም፤ ተጫዋቹ ራሱ አገጣጥሞ ይደርስበታል፤ የደረሰበትም ሰው ቶሎ አይረሳውም።

እንግዲህ ይህን የመሰለ ሥራ ዛሬም ከወጣበት መሣሪያ ጋር ታስሮ ይገኛል። ምስሉ በሰከንድ ከ30 ፍሬም (እንቅስቃሴውን የሚሠሩት ተከታታይ ምስሎች) አያልፍም፤ ያም 30 ቢሆን በእኩል ልዩነት ስለማይመጣ እንቅስቃሴው አልፎ አልፎ ይንቀጠቀጣል። ፕሌይስቴሽን 5 ላይ ሲከፈት እንኳ ጣሪያው ያው 30 ነው፤ ምክንያቱም የመሣሪያው አቅም ቢያድግም ጌሙ አልታደሰም። ውሳኔ በቅጽበት በሚሰጥበት ውጊያ ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም። ሌሎች ሰዎች ክፍተቱን ለመሙላት ሲሞክሩ ቆይተዋል። አንድ ፕሮግራመር ጌሙን በሰከንድ ወደ 60 ፍሬም የሚያሳድግ ማሻሻያ በራሱ ጊዜ ሠርቶ በ2021 ለሕዝብ ለቀቀ፤ በ2025 መጀመሪያ ግን ሶኒ እንዲያነሣው ስለጠየቀ አነሣው። በ2024 ደግሞ ሻድፒኤስ4 የተባለው ኢሙሌተር (የኮንሶሉን አሠራር ኮምፒዩተር ላይ የሚያስመስል ፕሮግራም) ብለድቦርንን ኮምፒዩተር ላይ ለማጫወት በቃ። በጎ ፈቃደኞች ያለምንም ክፍያ እዚህ ድረስ ካደረሱት፣ የጌሙ ኮድ በእጁ ያለው ባለቤት ምን ያህል ሊያደርግ እንደሚችል ማሰብ አያስቸግርም።

የቴክኒክ ችግር ነው የሚለው መልስ አያሳምነኝም። ለፕሌይስቴሽን 3 ዘመን ቢሆን ኖሮ እቀበለው ነበር። የዚያ ኮንሶል ፕሮሰሰር ሴል ይባላል፤ አንድ ዋና ክፍልና በዙሪያው ልዩ ልዩ ሥራ የሚከፋፈሉ ትንንሽ ክፍሎች ያሉት፣ ከተለመደው ኮምፒዩተር ፈጽሞ የተለየ አሠራር ነበረው። ለእርሱ ተብሎ የተጻፈን ጌም ወደ ኮምፒዩተር ማምጣት ከባድ ሥራ ነው። ፕሌይስቴሽን 4 ግን ስምንት ኮር ያለው የኤኤምዲ ፕሮሰሰርና 8 ጊጋባይት ሜሞሪ የተገጠመለት፣ በአሠራሩ ለኮምፒዩተር የቀረበ መሣሪያ ነው። ሶኒም ራሱ ይህን በተግባር አሳይቷል፤ ሆራይዘን ዜሮ ዶውን በ2020፣ ጎድ ኦፍ ዎር እና ስፓይደርማን በ2022፣ ጎስት ኦፍ ሱሺማ በ2024 ከፕሌይስቴሽን ወደ ኮምፒዩተር መጥተዋል። አንዳንዶቹ በጥሩ ሁኔታ መጡ፤ በ2023 የመጣው ዘ ላስት ኦፍ አስ ግን ሲወጣ ችግር በችግር ስለነበር ገዢዎቹን ክፉኛ አስቆጥቷል።

ታዲያ ብለድቦርን ለምን ቀረ? በይፋ የተሰጠ ግልጽ ምክንያት የለም። ለብዙ ዓመታት የፕሌይስቴሽን ስቱዲዮዎች ኃላፊ የነበሩት ሹሄ ዮሺዳ በ2025 ከሶኒ ከወጡ በኋላ፣ የግል ግምታቸው መሆኑን አስቀድመው ተናግረው፣ ሚያዛኪ ጌሙን በጣም ስለሚወደው ሌላ ሰው እንዲነካው ሳይፈልግ እንዳልቀረ፣ እርሱ ራሱ ደግሞ ጊዜ እንደሌለው ገልጸዋል። ግምቱ እውነት ከሆነ ስሜቱን አከብራለሁ። ሆኖም ማንም ሳይነካው የቀረ ሥራም ከነመሣሪያው ያረጃል፤ ይህም ሌላ ዓይነት ጉዳት ነው።

መጠየቅ ዋጋ እንዳለው የሚያሳየው ራሱ የፍሮምሶፍትዌር ታሪክ ነው። ዳርክ ሶልስ በ2011 ለኮንሶል ብቻ ወጥቶ ነበር። በ2012 መጀመሪያ የኮምፒዩተር ተጫዋቾች አቤቱታ አዘጋጅተው ከ90,000 በላይ ፊርማ አሰባሰቡ፤ አሳታሚው ናምኮ ባንዳይም ሰማ፤ ጌሙም በዚያው ዓመት ኦገስት ወር ላይ ኮምፒዩተር ላይ ወጣ። እውነቱን ለመናገር የመጣው በጥድፊያ የተሠራ ቅጂ ነበር። የምስሉ ጥራት ከኮንሶሉ ከፍ አይልም፤ በኪቦርድና በማውስ መጫወትም ያሰቃይ ነበር። ነገር ግን ጌሙ በወጣ በሰዓታት ውስጥ አንድ ተጫዋች የምስሉን ጥራት ገደብ የሚያነሣ ማሻሻያ ሠርቶ በነፃ አደለ። ኮምፒዩተርን የምወድበት ምክንያት ይህ ነው፤ ኩባንያው ጎደሎ አድርጎ የተወውን ተጫዋቹ ሊሞላው ይችላል። ያ አቤቱታ ባይኖር ኖሮ ከዚያ በኋላ ከመጡት የኩባንያው ሥራዎች ብዙዎቹን ኮምፒዩተር ላይ ማግኘታችንም ያጠራጥረኛል።

ሬድ ዴድ ሪደምፕሽንም ሌላ ተስፋ ሰጪ ምሳሌ ነው። በ2010 ለፕሌይስቴሽን 3 እና ለኤክስቦክስ 360 ወጥቶ ኮምፒዩተር ላይ የደረሰው በኦክቶበር 2024 ነው። በመካከሉ ሁለተኛው ክፍል በ2019 ኮምፒዩተር ላይ በመውጣቱ፣ የባለ ታሪኩን የጆን ማርስተንን መጨረሻ የሚተርከውን ቀዳሚውን ክፍል መጫወት ያልቻሉ ሰዎች ታሪኩን ግማሽ ላይ ይዘው ለመቆየት ተገደው ነበር። አሥራ አራት ዓመት የዘገየ ጌም መምጣት ከቻለ፣ የብለድቦርን ጊዜ አልፎበታል የሚባልበት ምክንያት አይታየኝም።

ይህ ጉዳይ እዚህ አገር ለምንኖር ሰዎች የራሱ ክብደት አለው። በከተሞቻችን ኮንሶልን ከብዙ ወጣቶች ጋር ያስተዋወቀው ፕሌይስቴሽን ቤት ነው። እዚያ ክፍያው በጨዋታ ስለሆነ የሚመቸው ለእግር ኳስ ነው፤ ሁለት ሰው ጆይስቲክ ይይዛል፣ የተሸነፈው ይነሣል፣ ተራ የሚጠብቀው ይቀመጣል። ሠላሳና አርባ ሰዓት የሚጠይቅ፣ በአንድ ጠላት ላይ ደጋግሞ እየወደቁ የሚማሩበት፣ ዝምታ የሚፈልግ ጌም በዚያ ሥርዓት ውስጥ ቦታ የለውም። ኮንሶል ገዝቶ ቤቱ የሚያስቀምጥ ሰው ደግሞ ጥቂት ነው። ኮምፒዩተር ግን ለትምህርትም ለሥራም ስለሚያስፈልግ፣ አሮጌም ቢሆን ብዙ ቤት ውስጥ ይገኛል። አንድ ጌም ኮምፒዩተር ላይ ወጣ ማለት ለእኛ ከጥራቱ መሻሻል በፊት፣ ጨርሶ መጫወት ወይም አለመጫወት የሚወሰንበት ነገር ነው።

እዚህ ላይ ሶኒ የፈጠረው አንድ እንቅፋት መነሣት አለበት። የፕሌይስቴሽን አካውንት የሚከፈትበት የሶኒ የኢንተርኔት አገልግሎት፣ ፕሌይስቴሽን ኔትወርክ፣ በኢትዮጵያ በይፋ አይሰጥም። በሜይ 2024 ሶኒ ሄልዳይቨርስ 2ን ኮምፒዩተር ላይ የሚጫወቱ ሁሉ የፕሌይስቴሽን አካውንት እንዲያገናኙ ሊያስገድድ ሲል፣ አገልግሎቱ በሌለባቸው ከ170 በላይ አገሮች ጌሙ ስቲም ከተባለው የኮምፒዩተር ጌሞች የኢንተርኔት መሸጫ ወረደ። ተጫዋቾች በጅምላ ሲቃወሙ ኩባንያው ግዴታውን በቀናት ውስጥ አነሣ። በዚያው ወር የወጣው ጎስት ኦፍ ሱሺማም አብዛኛው ክፍሉ ብቻን የሚጫወቱት ሆኖ ሳለ በእነዚሁ አገሮች አልተሸጠም። ኩባንያው በ2025 መጀመሪያ በአንዳንድ ጌሞቹ ላይ አካውንቱን ግዴታ አላደርግም ማለቱ መልካም እርምጃ ነው። ብለድቦርን ቢመጣ እንኳ በዚህ በር ከተዘጋብን መምጣቱ ለእኛ እምብዛም ትርጉም አይኖረውም።

ስለ ዕድሜም ማሰብ ይገባል። ከብለድቦርን በፊት ፍሮምሶፍትዌር የሠራው ዲመንስ ሶልስ በ2009 ለፕሌይስቴሽን 3 ወጥቶ ተጫዋቾችን በኢንተርኔት የሚያገናኙት ሰርቨሮቹ በ2018 ተዘግተዋል። የኒንቴንዶ 3ዲኤስ እና ዊ ዩ መሸጫ በ2023 ተዘግቶ ብዙ ጌሞች በሕጋዊ መንገድ የሚገዙበት ቦታ ጠፍቷል። በአንጻሩ በ1993 ለኮምፒዩተር የወጣው ዱም ዛሬም በቀላሉ ይገኛል፤ ኮዱ ከተለቀቀበት ከ1997 ጀምሮ አድናቂዎች በየዘመኑ መሣሪያ እንዲሠራ እያደረጉት ዕድሜውን ያራዝማሉ። ኮንሶል ትውልድ በተቀየረ ቁጥር ያለፈውን ትቶ መሄድ ይቀናዋል፤ ኮምፒዩተር ግን አሮጌውን አቅፎ ይጓዛል።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። እንደገና ተሠርቶ ይምጣ አልልም። የዲመንስ ሶልስ አዲሱ ቅጂ በ2020 ለፕሌይስቴሽን 5 በሌላ ስቱዲዮ ተሠርቶ ሲወጣ እጅግ ያማረ ነበር፤ ሆኖም የአንዳንድ ፍጥረታት መልክና የሙዚቃው ስሜት ተለውጦ የመጀመሪያውን የወደዱትን ሰዎች ቅር አሰኝቷል። የያርናም ጭጋግና ጠባብ ጎዳናዎች እንደ ተሳሉ ይቆዩ። በሰከንድ 60 ፍሬም፣ ስክሪኑ የሚችለውን ያህል የምስል ጥራት፣ በአግባቡ የተሠራ የኪቦርድና የማውስ መቆጣጠሪያ፣ በ2015 ኖቬምበር የወጣው ዘ ኦልድ ሀንተርስ የተባለው ተጨማሪ ክፍል፣ መካከለኛ ግራፊክስ ካርድ ባለው ኮምፒዩተር ላይ ሳይንቀጠቀጥ የሚሠራበት ማስተካከያ፣ በኢንተርኔት መቆራረጥ የማይቋረጥ ለብቻ የሚጫወቱት ክፍል፣ እንዲሁም በስቲም ላይ ከአዲስ አበባም ሆነ ከቶኪዮ ያለ ፕሌይስቴሽን አካውንት ሊገዛ የሚችል ቅጂ ይበቃል።