ዶክተር አይደለሁም፣ ቡና ግን እከለክላለሁ

ዶክተር አይደለሁም። ጎንደር በመጣሁ ቁጥር ይህን እናገራለሁ፣ የሚሰማኝ ግን የለም። «ሆስፒታል አይደል የምትሠራው? ልብ አይደል የምታየው? ታዲያ ምንድን ነህ?» ይሉኛል የእናቴ ጎረቤቶች። ቡና ተጠርተው ሲመጡ የደም ግፊት መድኃኒታቸውን በፌስታል ቋጥረው የሚመጡ አሉ። «እስቲ እየው ልጄ፣ ይሄ ይሆን የሚያዞረኝ?» እኔ ስለ ክኒን የማውቀው እነሱ ከሚያውቁት ቢያንስ እንጂ አይበልጥም። «ሐኪምዎን ይጠይቁ» ስላቸው ደግሞ እንደ ንፉግ ነው የሚያዩኝ።

ፊዚሲስት ነኝ። ውጭ አገር አንድ ሆስፒታል ውስጥ የልብ ኤምአርአይ የሚያነሳውን ቡድን መደገፍ ነው ሥራዬ። በሽተኛውን አስተኝቶ ማሽኑን የሚያሠራው ራዲዮግራፈሩ ነው። ምስሉን አንብቦ ውጤት የሚጽፈው ራዲዮሎጂስቱ ወይም የልብ ሐኪሙ ነው። እኔ መሃል ላይ ነኝ። ምስሉ ለምን ተበላሸ? ማሽኑ ያወጣው ቁጥር ይታመናል ወይ? ይህ ሰው ደረቱ ውስጥ ያለውን ብረት ይዞ መግባት ይችላል ወይ? እንጀራዬ እነዚህ ጥያቄዎች ናቸው። ሁሉ ሰላም በሆነበት ቀን ማንም አይፈልገኝም፣ ስልኬ ከጮኸ ግን አንድ ነገር አብዷል ማለት ነው።

ዘመዶቼ የሚፈሩልኝ ጨረር ደግሞ የለም። ኤምአርአይ የሚሠራው በማግኔትና በሬዲዮ ሞገድ ነው፣ እንደ ኤክስሬይ ወይም እንደ ሲቲ ስካን አይደለም። «ልጅ ትወልዳለህ ግን?» ብላ በጆሮዬ የጠየቀችኝ አክስቴ ይህን ታንብብልኝ። እና «ሐኪም ሳትሆን እዚያ ምን ትሠራለህ» ለሚሉኝ፦ እ.ኤ.አ. በ2003 ለኤምአርአይ የተሰጠውን የሕክምና ኖቤል የወሰዱት አንድ ኬሚስትና አንድ ፊዚሲስት ናቸው፣ ፖል ላውተርበርና ፒተር ማንስፊልድ። አንዳቸውም ሐኪም አልነበሩም።

አንጎል ወይም ጉልበት ማንሳት ቀላል ነው፣ ዝም ብሎ ይተኛልሃል። ልብ ግን ይመታል፣ ከጎኑ ደግሞ ሳንባ ይነፋል ይኮማተራል። ማሽኑ አንድን ምስል በቅጽበት ጨርሶ ለማንሳት አብዛኛውን ጊዜ ፍጥነቱ አይበቃውም። ስለዚህ ምስሉን ይሰፋዋል። እስክስታ የሚመታ ሰው ትከሻ በዘገምተኛ ካሜራ ለማንሳት የሚሞክር ፎቶ አንሺ አስቡ። ከበሮው በተመታ ቁጥር አንዲት ቁራጭ ብቻ ያነሳል፣ ሲቀጥል ሌላ ቁራጭ፣ በመጨረሻ ቁራጮቹን ይገጥማል። ከበሮ መቺው ምቱን እስከጠበቀ ድረስ ፎቶው ያምራል። ምቱን ከሳተ ግን ትከሻው ሦስት ይሆናል። ለእኛ ከበሮው ኢሲጂ ነው፣ የልብን ኤሌክትሪክ የሚመዘግበው። በደረት ላይ በተለጠፉት ኤሌክትሮዶች ማሽኑ እያንዳንዱን ምት እየሰማ ያነሳል። በስክሪን ላይ አንድ ምት ሆኖ የምታዩት የሚያምር ቪዲዮ እንግዲህ አንድ ትንፋሽ ተይዞ ከብዙ ምቶች የተጠራቀመ ነው።

ችግሩ፣ ማግኔቱ ራሱ ኢሲጂውን ያሳብደዋል። ደም ጨው ያለበት ፈሳሽ ስለሆነ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፤ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ ነገር ደግሞ ማግኔት ውስጥ ሲሄድ ቮልቴጅ ይፈጥራል። ማግኔቱ 1.5 ቴስላ ነው፣ ከመሬት መግነጢስ ከ30 ሺህ ጊዜ በላይ ይበረታል። ስለዚህ ደሙ በአኦርታ፣ ከልብ በሚነሳው ትልቁ የደም ሥር፣ እየጋለበ ሲወጣ የራሱን ቮልቴጅ በኢሲጂው ላይ ይደርባል፣ ይህ የሚሆነውም ልክ ቲ ሞገድ፣ ኢሲጂው ላይ አር ከሚባለው ዋና ሹል በኋላ ያለችው ጉብታ፣ በሚመጣበት ሰዓት ነው። ቲ ሞገድ ያብጣል። ማሽኑ ቲውን አር መስሎት ይቆጥረዋል፣ አንዱን ምት ሁለት ያደርገዋል፣ ምስሉም ገንፎ ይሆናል። ያኔ ነው «ና ድረስልን» የምባለው። መፍትሔው ብዙ ጊዜ ፊዚክስ እንኳ አይደለም፦ ፀጉሩን መላጨት፣ ቆዳውን በደንብ ማጽዳት፣ ኤሌክትሮዱን ጥቂት ዝቅ ማድረግ፣ ካልሆነም በኢሲጂው ፈንታ ጣት ላይ በሚለካው ምት መሥራት። አንድ ነገር ግን ሁሌም አስጠነቅቃለሁ። ማሽኑ ውስጥ የሚታየው ኢሲጂ ሰዓት ለመጠበቂያ ብቻ ነው፣ በሽታ አይነበብበትም።

ትንፋሹስ? ብዙ ሰው «ትንፋሽዎን ይያዙ» ሲባል አየር በደንብ ስቦ ይይዛል። እኛ የምንፈልገው አውጥቶ እንዲይዝ ነው፣ ምክንያቱም ሰው ትንፋሹን ሲያወጣ ዲያፍራሙ፣ ከሳንባ ሥር ያለው የመተንፈሻ ጡንቻ፣ ሁልጊዜ ወደ አንድ ቦታ ይመለሳል፣ ሲስብ ግን አንዴ ብዙ አንዴ ትንሽ ነው። አልፎ አልፎ ሐበሻ በሽተኛ ሲመጣ በማይክሮፎኑ የማናግረው እኔ ነኝ። አንዲት እናት ነበሩ፣ ልጃቸው ጋ ለጥየቃ የመጡ። «አውጡ… ይያዙ» እላቸዋለሁ፣ ይይዛሉ። «ጎበዝ፣ አሁን ይተንፍሱ» ስላቸው ምርቃት ይጀምራሉ፣ «ተባረክ ልጄ፣ እድሜ ይስጥህ፣ ክፉ አይይህ…» ቀጣዩ ቅኝት ተጀምሮም ምርቃቱ አላለቀም። ራዲዮግራፈሯ ምስሉ ለምን እንደሚንቀጠቀጥ አልገባትም። አሜን ብዬ ዝም እስኪሉ ጠበቅሁ፣ ሌላ ምን አደርጋለሁ።

አሁን ወደ ቡናው። የልብ ጡንቻ በሥራ ሲጫን ደም በበቂ ይደርሰው እንደሆነ ለማየት በደም ሥር አዴኖሲን የሚባል መድኃኒት እንሰጣለን። አዴኖሲን የልብን የደም ሥሮች ያሰፋል። ጤነኛው ሥር ይሰፋል፣ የጠበበው አይሰፋም፣ ልዩነቱ በምስሉ ላይ ይወጣል። ካፌይን ግን አዴኖሲኑ የሚቀመጥበትን ቦታ ቀድሞ ይይዝበታል። መድኃኒቱ ይገባል፣ ሥራውን አይሠራም፣ ልዩነቱም አይታይም። የሚያስፈራው ይህ ነው፦ ምስሉ አይበላሽም። ንጹሕ፣ የሚያምር ምስል ይወጣል፣ በሽተኛውም «ደህና ነህ» ተብሎ ቤቱ ይገባል። ለዚህ ነው ብዙ ሆስፒታሎች ከምርመራው በፊት ለ24 ሰዓት ቡና፣ ሻይ፣ ኮካ፣ ቸኮሌትም ጭምር የሚከለክሉት።

ይህን ለእናቴና ለጎረቤቶቿ ሳስረዳ ረከቦቱ ፊታችን ነበር። ተሳቀብኝ። አንደኛዋ በጣም በቁምነገር «አቦሉን ብቻስ ብጠጣ?» አሉኝ። ከሦስቱ ወፍራሙን መርጠው! እኔ ግን ከዚህ የተማርኩት አለ፣ ጎንደር ላይ ይህ ምርመራ ቢሠራ «ካፌይን ወስደዋል?» ብሎ መጠየቅ ዋጋ የለውም። «ዛሬና ትናንት ቡና ጠጥተዋል? አቦል? ሁለተኛ? በረካ? ሻይስ?» እየተባለ አንድ በአንድ ነው መጠየቅ ያለበት።

የብረቱም ጥያቄ እንደዚያው ነው። እኔ በምሠራበት ሆስፒታል በሽተኛው የሚሞላው ቅጽ የተጻፈው ለሌላ አገር ሰው ነው። የልብ ምት መቆጣጠሪያ አለዎት? የጆሮ ተከላስ? ጥሩ፣ እነዚህ የትም ይጠየቃሉ። ጎንደር ላይ ቢሆን ግን መጀመሪያ የምጠይቀው ጥይትና ፍንጣሪ ነው። ዙሪያውን በምናውቀው ምክንያት፣ ሰውነቱ ውስጥ ብረት ቀርቶ የሚኖር ሰው ጥቂት አይደለም፣ አንዳንዱም ከለመደው ብዛት ረስቶታል። ብረቱ ዓይን ወይም ትልቅ የደም ሥር አጠገብ ከሆነ ነገሩ ጨዋታ አይደለም፣ መጀመሪያ በኤክስሬይ ይታያል። ከዚያ የአንገት ንቅሳት። አብዛኛውን ጊዜ ምንም አይሆንም፣ ግን አንዳንድ ቀለም ውስጥ ብረት ስለሚኖር ሊሞቅ ይችላል፣ «ካቃጠለዎት ወዲያው ይንገሩን» ይባላል። ኩሉ ይታጠባል። ማተቡ ክር ከሆነ ማንም አይነካውም፣ መስቀሉ ብረት ከሆነ ግን ቤተሰብ ይያዝላቸው፤ ክታቡም ውስጡ ምን እንዳለ ስለማይታወቅ አብሮ ይቆይ። ይህን በክብር የሚያስረዳ ሰው በሩ ላይ ካልቆመ በሽተኛው ደብቆ ይገባል። እኔም ብሆን እደብቃለሁ።

መብራት ስለሚጠፋበት አገር ስናወራ ደግሞ አንድ ነገር ይሰመርበት። መብራት ሲሄድ ማግኔቱ አይሄድም። ሽቦው በፈሳሽ ሂሊየም ከዜሮ በታች 269 ዲግሪ ገደማ ስለሚቀዘቅዝ ኤሌክትሪኩ አንዴ ከገባ ያለ መቋረጥ ይዞራል፣ ከውጭ ኃይል አይለምንም። የሚቆመው ማቀዝቀዣው ነው፣ ያኔ ሂሊየሙ እየሞቀ ይሄዳል። ስለዚህ ክፍሉ ጨልሞ፣ ማሽኑ ዝም ብሎ፣ «ጠፍቷል» ብሎ የጽዳት ሠራተኛ ባልዲና መወልወያ ይዞ ቢገባ ማግኔቱ እዚያው ይጠብቀዋል። እ.ኤ.አ. በ2001 ኒው ዮርክ ውስጥ ወደ ክፍሉ የገባ የኦክስጅን ሲሊንደር ማሽኑ ውስጥ ተኝቶ የነበረን የ6 ዓመት ልጅ ገድሏል። ከሐኪሙ በፊት መሠልጠን ያለባቸው ዘበኛውና ጽዳቷ ናቸው የምለው ለዚህ ነው። የድሮዎቹ ማሽኖች ከሺህ ሊትር በላይ ሂሊየም ይፈልጋሉ፣ ከአዳዲሶቹ ግን ከ10 ሊትር ባነሰ የሚሠሩ አሉ። ለእኛ አገር ከምስል ጥራት ይልቅ ይህ ቁጥር ነው መጀመሪያ መታየት ያለበት።

እዚህ ስመጣ የፊዚክስ ተማሪዎች አግኝተውኝ እናወራለን፣ ፒያሳ ማኪያቶ ይዘን። የሚጠይቁኝ ስለ ማግኔቱ ነው። እኔ ደግሞ ስለ ቁጥር ነው የማወራላቸው። እኛ አገር ብዙ ወጣት የሚያጠቃው የልብ በሽታ ከጉሮሮ ኢንፌክሽን የሚነሳው ሩማቲክ ነው፣ ቫልቩን ያበላሻል፣ ደም ወደ ኋላ ያፈሳል። ለዚህ ዋናው ምርመራ ኢኮ፣ የልብ አልትራሳውንድ፣ ነው፣ ይህን ሳልሸፋፍን እናገራለሁ። ከኤምአርአይ በፊት ኢኮውም፣ በየወሩ የሚወጋው ፔኒሲሊንም ይቅደም። ግን ቫልቩ በምት ስንት ሚሊ ሊትር እንደሚያፈስ፣ ልቡስ ስንት እንደሰፋ በትክክል ለማወቅ ሲፈለግ ኤምአርአይ ጎበዝ ነው። ጎበዝ የሚሆነው ግን ካልዋሸ ነው።

ይህን በወረቀት ላይ አሠራኋቸው። አኦርታ ስፋቱ 7 ካሬ ሴንቲሜትር ይሁን። ማሽኑ የደሙን ፍጥነት ሲለካ በሰከንድ 1 ሴንቲሜትር ብቻ ቢያዛባ፣ በደቂቃ 420 ሚሊ ሊትር የሌለ ደም ይፈጥራል። ልቡ በደቂቃ 70 ጊዜ ቢመታ በእያንዳንዱ ምት 6 ሚሊ ሊትር ማለት ነው። ዓይን አያየውም። ምስሉ ላይ ምንም ምልክት የለም። ቀላል የነበረው ግን ወደ መካከለኛ ሊዞር ይችላል፣ ቀዶ ሕክምና ይደረግ አይደረግ የሚባልበት ድንበር ላይ ላለ ሰው ደግሞ ይህ ትልቅ ነገር ነው። መከላከያው ምንድን ነው? የማይንቀሳቀስ ፈሳሽ የሞላበት ዕቃ እዚያው ቦታ አስቀምጦ በዚያው ቅንብር ማንሳት። ዝም ያለ ፈሳሽ «ይሄዳል» ካለ ማሽኑ ዋሽቷል፣ ውሸቱንም ከበሽተኛው ልክ ላይ መቀነስ ይቻላል። ይህ ሥራ ቅዳሜ ከሰዓት ማንም ሳያይ የሚሠራ ነው። ፊዚሲስት የሚቀጠረው ለዚህ ነው።

«እዚህስ ይቻላል?» አለኝ አንዱ። ይቻላል። ጎንደር እ.ኤ.አ. በ1954 የጤና ኮሌጁን ስትከፍት ሐኪም እስኪመጣ አልጠበቀችም፣ ጤና መኮንን፣ ነርስና የአካባቢ ጤና ባለሙያ አብራ አሠልጥና በቡድን ነው ወደ ገጠር የላከችው። የልብ ኤምአርአይም የቡድን ሥራ ነው፣ ማሽን ገዝቶ ሪባን መቁረጥ ብቻ አይደለም። ሲጀመርም ሙሉውን የአንድ ሰዓት ምርመራ መቅዳት የለብንም። ፔሩ ውስጥ ወደ 20 ደቂቃ ገደማ የሚፈጅ አጭር ምርመራ ተሞክሮ ሠርቷል፦ የልብ እንቅስቃሴ፣ ከዚያ ጋዶሊኒየም የሚባለው በደም ሥር የሚሰጥ ማጉያ፣ ከዚያ የልብ ጡንቻ ጠባሳ። ሕክምናውን የሚቀይረው ባብዛኛው ይኸው ነው። ልጁ በስልኩ ቲ1 ማፒንግ የሚባለውን፣ የልብ ጡንቻን ሁኔታ በቀለም የሚያሳየውን ምስል አውጥቶ «ይሄስ?» አለኝ። ያምራል፣ እኔም የምወደው ሥራ ነው። ግን ይቆይ። መጀመሪያ ኤሌክትሮድ መለጠፍ እንማር።