ራሱ ይምጣ

ከጠዋት ጀምሮ ከፍቶኛል። ምክንያቱን አላውቀውም። ክረምቱም ሊሆን ይችላል፤ የደብረ ማርቆስን ነሐሴ የሚያውቅ ያውቀዋል፣ ጭጋጉ አልገፈፍ ሲል ልብም አብሮ ይደፈናል። የፋርማኮሎጂ ደብተሬን ዘርግቼ አንዱን ገጽ ደጋግሜ አነበብኩ። ዓይኔ መስመሩን ይከተላል፣ ሐሳቤ ግን ሌላ አገር ነው። ስከድነው የያዝኩት የለም።

እማዬ ቡና ይዛ ገባች። አየት አድርጋኝ «አባባ እኮ ያን ሁሉ የያዙት ያለ ደብተር ነው» ብላ ወጣች። በቃ፣ ከዚያ ወዲያ ፈተናውም ተረሳ።

አባባ በልጅነታቸው ጎጃም ውስጥ ዋሸራ በሚባለው የቅኔ ትምህርት ቤት ቅኔ የቆጠሩ ናቸው። በስተርጅና ዓይናቸው ሲደክም እንኳ ዳዊታቸው አልተስተጓጎለም። 150ውን መዝሙር በቃላቸው ይሉት ነበር። እኔ መጽሐፉን ይዤ አጠገባቸው እከታተላለሁ። አንዳንዴ መሐል ላይ አንድ ቃል ይጠፋባቸዋል። ያኔ ዝም ይላሉ። ጣታቸው ብቻ ጉልበታቸውን ቀስ እያለ ይመታል። «ልንገርዎት?» ስላቸው እጃቸውን አንስተው ይከለክሉኛል። «ተው፣ ራሱ ይምጣ!» እምቢ ካለ ከንጉሡ መጀመሪያ ይነሳሉ፤ ዳዊት ዐሥር ዐሥር መዝሙር እየሆነ በ15 ንጉሥ የተከፈለ ነውና የሚመለሱበትን አያጡትም።

አሁን ሳስበው ትልቁ ነገር ያ ዝምታ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 ሮዲገርና ካርፒኪ የተባሉ ተመራማሪዎች ለተማሪዎች ጽሑፍ ሰጡ። ገሚሱ ደጋግሞ አነበበ፣ ገሚሱ ጽሑፉን ትቶ ያስታወሰውን ጻፈ። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ሲጠየቁ ደጋግመው ያነበቡት በለጡ። ከሳምንት በኋላ ግን ከራሳቸው ለማውጣት የታገሉት በለጡ። አባባ ይህን ጥናት አልሰሙም፤ ግን ሲያደርጉት ነው የኖሩት።

ሌላም አለ። አባባ በተማሩበት ቤት ማታ ማታ በጨለማ፣ ያለ መጽሐፍ፣ ከፍ ያለው ተማሪ ያስቀጽላል፣ ትንሹ ተቀብሎ ይላል። ሲነጋ መጀመሪያ የሚጠየቀው ያው የማታው ነው ይሉኝ ነበር። ኤቢንግሃውስ የተባለው ጀርመናዊ በራሱ ላይ ሞክሮ እ.ኤ.አ. በ1885 ባሳተመው ሥራ፣ ሰው የያዘው ነገር ቶሎ የሚያመልጠው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት መሆኑን አሳይቷል። ጠዋት የሚጠየቅ ተማሪ እንግዲህ ሊያመልጠው ሲል ነው የሚደርስበት።

ሰው ግን ይህን ሁሉ ድካም ትቶ አብሾ ስለሚባለው ቅጠል ያወራል። «የጎጃም ደብተራ ይህን ሁሉ በቃሉ የሚይዘው አብሾ ጠጥቶ ነው» ሲባል ያንገበግበኛል። አብሾ መርዝ ነው፣ አእምሮ ያናውጣል። ውስጡ ስኮፖላሚን የሚባል ንጥረ ነገር አለ፤ እሱ ደግሞ አእምሮ ለማስታወስ የሚገለገልበትን አሴቲልኮሊን የሚያግድ ነው። እንዲያውም ተመራማሪዎች ሰው ለጊዜው እንዲረሳ ሲፈልጉ የሚሰጡት እሱን ነው። ስንት ሌሊት የተደከመበትን ቀለም ለአንድ ቅጠል መስጠት ግፍ ነው።

ብርዱ፣ ረሃቡ፣ ደበሎው ሁሉ ነበረ። ግን አንድ ነገር አልጎደለባቸውም፤ የሚሰማቸው ሰው። እኔ ደብተሬን ይዞ የሚከታተለኝ ከየት ላምጣ? እማዬ ፊደል አልቆጠረችም። ወንድሜ ባሕር ዳር ነው፤ በስልክ ይሰማኝ ነበር፣ ግን ትንሽ ዝም ካልኩ መልሱን ቶሎ ይነግረኛል። ከልጅነቱም መጠበቅ አይችልም። ዝም ስል አብሮኝ ዝም የሚል ማን አለ?