ላስቲኩ ከተከፈተ በኋላ

ሳጥኖቹ ሱቃችን የደረሱት አመሻሽ ላይ ነው። ጠዋት ይገባሉ ብለን ስንጠብቅ መንገድ ላይ ዘገዩ። ዓሣዎቹ ላስቲክ ውስጥ ከታሸጉ 40 ሰዓት ሊሞላቸው ምንም አልቀረውም ነበር። እኔ ያኔ የጌጥ ዓሣ መሸጫ ውስጥ ሥራ ከጀመርኩ ገና አራት ወር ቢሆነኝ ነው።

አዲስ ዓሣ የመቀበሉን ሥራ ለዓመታት የያዙት አንድ አንጋፋ ባልደረባችን ናቸው። ሁላችንም «ጋሼ» ነው የምንላቸው። ያን ቀን ለሌላ ጉዳይ ወጥተው ስለነበር ደወልኩላቸው። «ተቀበያቸው፣ እየመጣሁ ነው» አሉኝ። ለእሳቸው «ተቀበያቸው» ማለት ፈርመሽ ውሰጂና ጨለማ ጥግ አስቀምጫቸው ማለት ነበር። እኔ ደግሞ ከፍተሽ ማላመድ ጀምሪ እንዳሉኝ ወሰድኩት። መልሼ አልጠየቅኩም። እስካሁን ይቆጨኛል።

ዓሣ ማላመድ አውቃለሁ ብዬ አምን ነበር። ለደንበኛ በቀን ብዙ ጊዜ የምናገረው ነገር ነው። ላስቲኩን እንደታሸገ ገንዳው ላይ ለ15 ወይም ለ20 ደቂቃ አንሳፍፈው፤ ሙቀቱ ይስተካከላል። ከዚያ ክፈተውና የገንዳውን ውኃ በጥቂት በጥቂቱ ጨምርበት። ወይም በቀጭን ቱቦ ጠብ ጠብ አድርግለት። የላስቲኩን ውኃ ወደ ገንዳው አትገልብጥ፣ ዓሣውን ብቻ በመረብ አውጣው። ይህን ሁሉ በቃሌ ይዤዋለሁ። ከሁሉም በላይ አንድ ነገር ጭንቅላቴ ውስጥ ገብቶ ነበር። ዓሣን አታቻኩለው። በቀስታ ባደረግከው መጠን ለዓሣው ይሻለዋል።

ስለዚህ የምችለውን ያህል ቀስ አልኩ። ስድስቱንም ላስቲኮች ከፈትኩ። በየላስቲኩ 20፣ በድምሩ 120 ኒዮን ቴትራ ነበሩ። ኒዮን ቴትራ የጣት አንጓ የምታክል ዓሣ ናት። ጎኗ ላይ የሚያበራ ሰማያዊ መስመር አላት፣ ወደ ጭራዋ ደግሞ ቀይ ናት። ከነውኃቸው ባልዲ ውስጥ ገለበጥኳቸው። ከገንዳው ቀጭን ቱቦ አወረድኩና ውኃው በሰከንድ ሁለት ሦስት ጠብታ ብቻ እንዲወርድ ቋጠርኩት። መንገዱ ስላደከማቸው አዘንኩላቸው። አየር ያግኙ ብዬ አረፋ የሚያወጣውን ድንጋይም ባልዲው ውስጥ ጨመርኩ። የሁለት ሰዓት ሥራ ነው ብዬ ወንበር ስቤ አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

መጀመሪያ ላይ ደህና ነበሩ። 20 ደቂቃ ገደማ ሲሆን አንዳንዶቹ ወደ ላይ መጡ። አፋቸውን ውኃው ፊት ላይ አድርገው ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ። ስንጥባቸው ቶሎ ቶሎ ይመታል። ክንፋቸውን ሰውነታቸው ላይ አጣብቀውታል። ሰማያዊው መስመር ደብዘዝ ማለት ጀመረ። የገንዳው ውኃ እየከበዳቸው ነው ብዬ ደመደምኩ። ቋጠሮውን አጠበቅኩት። በሰከንድ አንድ ጠብታ ብቻ አደረግኩት። አረፋውን ግን ጨመርኩ።

ባሰባቸው። አንዷ በጎኗ ተኛች። ከዚያ ሌላዋ።

ጋሼ ሲገቡ ባልዲው ላይ አጎንብሼ ነበር። ሰላም እንኳን አላሉኝም። ባልዲውን አዩና አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ።

«ላስቲኩን የከፈትሽው ስንት ሰዓት ነው?»

«50 ደቂቃ ይሆናል።»

«የለይቶ ማቆያውን ገንዳ ሙቀት አንብቢልኝ።»

25 ነበር። ባልዲው 22። ክሎሪኑ የወጣለት ቀዝቃዛ ውኃ ተቀምጦ ስለነበር ገንዳው 23 እስኪሆን ጨመሩበት። ከዚያ ዓሣዎቹን በመረብ እያወጡ በቀጥታ አስገቧቸው። ጠብታ የለ፣ ጥበቃ የለ። አሞኒያን፣ ማለትም ዓሣው የሚያወጣውን መርዛማ ቆሻሻ፣ የሚያስር መድኃኒት ጨመሩና መብራቱን አጠፉ። እኔ አጠገባቸው ቆሜ እንዲህ በአንድ ጊዜ ማስገባታቸው ይገድላቸዋል ብዬ እጨነቅ ነበር። ይህን ያህል የተሳሳተ ነገር ይዤ ነበር።

ጠዋት ስመጣ 47ቱ ሞተው አገኘኋቸው። በቀጣዮቹ ሦስት ቀናት 14 ተጨመሩ። አንድ በአንድ ያወጣኋቸው እኔ ነኝ። ጋሼ ላግዝሽ ቢሉኝም እኔው ላድርገው አልኳቸው።

የሆነው ምን እንደሆነ የገባኝ በሚቀጥለው ጭነት ነው። ጋሼ አልተቆጡኝም። ዓሣዎቹን ራሳቸው ወደ ገንዳ ካስገቡ በኋላ አንዱን ላስቲክ ከነውኃው ሰጡኝና «ለኪው» አሉኝ። ፒኤቹ፣ ማለትም የውኃው የአሲድነት መለኪያ (ቁጥሩ ሲያንስ ውኃው አሲዳማ ነው)፣ 6.3 ነበር። አሞኒያውንም ለካሁ። የመመርመሪያው ፈሳሽ ቢጫ መሆን ሲገባው ጥቁር አረንጓዴ ሆነ። «አሁን አረፋ አድርጊበትና ከግማሽ ሰዓት በኋላ ድገሚው» አሉኝ። ደገምኩት። ፒኤቹ 7.2 ደርሷል። የአሞኒያው ቀለም ግን ያው ነው፣ ምንም አልተለወጠም። ሁለቱን ብልቃጦች ጎን ለጎን ይዤ ለረጅም ጊዜ አየኋቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዓሣ እንደ እኛው ይተነፍሳል፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያወጣል። በታሸገ ላስቲክ ውስጥ ይህ ጋዝ መውጫ የለውም። ውኃው ውስጥ ይሟሟና ውኃውን አሲዳማ ያደርገዋል፣ ፒኤቹ ይወርዳል። ዓሣው በዚያው ሰዓት በስንጥቡ አሞኒያም ያወጣል። መንገዱ በረዘመ ቁጥር አሞኒያው ይጠራቀማል። ለዚህ ነው ከጉዞ በፊት ዓሣ ለአንድ ለሁለት ቀን ምግብ የማይሰጠው። ውኃው አሲዳማ እስከሆነ ድረስ ግን አብዛኛው አሞኒያ አሞኒየም ወደሚባለው መልክ ይለወጣል። አሞኒየም ዓሣን ያን ያህል አይጎዳም። እናም ዓሣው በራሱ ቆሻሻ ተከቦ ሁለት ቀን ሊቆይ ይችላል። የሚያቆየው ያ የታመቀ ጋዝ ነው።

ላስቲኩ ሲከፈት ጋዙ ይወጣል። አረፋ ከተጨመረበት ደግሞ ቶሎ ይወጣል። ፒኤቹ ከፍ ይልና አሞኒየሙ ተመልሶ አሞኒያ ይሆናል። የፒኤች አንድ ቁጥር ማለት አሥር እጥፍ ነው። ከ6.3 ወደ 7.2 ሲወጣ መርዛማው ክፍል ወደ 8 እጥፍ ያድጋል። ውኃው 25 ዲግሪ ቢሆን፣ ፒኤች 7 ላይ ከጠቅላላው አሞኒያ መርዛማው ከ1 በመቶ በታች ነው፤ ፒኤች 8 ላይ 5 በመቶ ያህል ይሆናል። መመርመሪያው የሚያሳየው ጠቅላላውን ስለሆነ ቀለሙ አይለወጥም። ዓሣው ግን ይቃጠላል። ስንጥቡ ይጎዳል፤ ውጭው ውኃ በአሞኒያ ስለተሞላ ደግሞ ደሙ ውስጥ ያለውንም ማስወጣት ያቅተዋል።

ያን ቀን ማታ ያደረግኩትን ነገር አንድ በአንድ አሰብኩት። አረፋው ጋዙን አስወጣ። የገንዳችን ውኃ ፒኤቹ 7.8 ስለነበር እያንዳንዱ ጠብታ ፒኤቹን ከፍ አደረገው። ጠብታውን ሳጠብቀው ደግሞ አሞኒያውን ሊያቀጥን የሚችለው ንጹሕ ውኃ ቀነሰ። ማለትም ዓሣዎቹ መርዙ ውስጥ የሚቆዩበትን ጊዜ አራዘምኩት። ይህን ሁሉ ያደረግኩት አዝኜላቸው ነው። ማዘኔ እውነት ነበር። ዓሣዎቹ ግን የሚተነፍሱት ውኃውን ነው።

ከዚያ በኋላ የምሠራበት መንገድ ተለወጠ። ሳጥን ሲመጣ መጀመሪያ የማየው የታሸገበትን ሰዓት ነው። ዓሣው ላስቲክ ውስጥ የቆየው አንድ ሁለት ሰዓት ብቻ ከሆነ የድሮው ምክር ጥሩ ምክር ነው። አሞኒያው ገና አልተጠራቀመም። ውኃ በጥቂቱ መጨመር፣ ጠብታውም ቢሆን፣ ይጠቅማል። ለደንበኞች ዛሬም የምነግረው ይህንኑ ነው። ቀኑን ሙሉ ወይም ከዚያ በላይ ለተጓዘ ዓሣ ግን ዝግጅቱ ሁሉ ላስቲኩ ሳይከፈት በፊት ያልቃል።

ዝግጅት ስል የገንዳውን ውኃ ማለቴ ነው። ከሻጩ ጋር ቀድሜ እነጋገራለሁ፤ ዓሣው የነበረበት ውኃ ፒኤቹ ስንት ነው፣ ከባድ ነው (ማዕድን የበዛበት) ወይስ ለስላሳ? የለይቶ ማቆያውን ገንዳ ወደዚያ አስጠጋለሁ። በተለይ የማልዘነጋው ውኃው ውስጥ የሟሟውን ማዕድንና ጨው ነው። የጨው አልባ ውኃ ዓሣ ሰውነት ከአካባቢው ውኃ የበለጠ ጨው አለው። ስለዚህ ውኃ ያለማቋረጥ ወደ ውስጡ ይገባል፣ እሱም በሽንት መልክ እያስወጣ ይኖራል። ከከባድ ውኃ አውጥተን ድንገት በጣም ለስላሳ ውኃ ውስጥ ብንጥለው ይህን ሚዛን ማስተካከል ይከብደዋል። በፒኤች ቁጥር ብዙ የሚጨነቅ ሰው አውቃለሁ። ከአሞኒያ ጋር ካልተጣመረ በስተቀር፣ በእኔ ልምድ ዓሣን የበለጠ የሚጎዳው የሙቀትና የጨው ድንገተኛ ለውጥ ነው።

ገንዳው ዝግጁ ሲሆን መብራቱን አጠፋለሁ። ላስቲኩን እንደታሸገ አንሳፍፋለሁ። ሙቀቱ ሲገጥም እከፍታለሁ፣ ወዲያው ዓሣውን በመረብ አውጥቼ አስገባለሁ። ከመክፈት እስከ ማስገባት ጥቂት ደቂቃ ነው። ያን ቀን ምግብ አልሰጥም። ከዚያ አራት ሳምንት ለብቻቸው ይቆያሉ። የነጭ ነጠብጣብ በሽታ ብዙ ጊዜ አብሮ የሚመጣው ከአዲስ ዓሣ ጋር ስለሆነ፣ ለይቶ ማቆየቱን የሚዘል ሰው ሳይ አሁንም ልቤ አይረጋም።

አንድ የሚያናድደኝ ነገር አለ። አብዛኛው መመሪያ «አንድ ሰዓት አላምዱ» ወይም «ሁለት ሰዓት አላምዱ» ይላል። ዓሣው ላስቲክ ውስጥ ስንት ሰዓት እንደቆየ አይጠይቅም። መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት እሱ ነው። ይህን ቀድሞ የነገረኝ ሰው ቢኖር እነዚያ 61 ዓሣዎች ይተርፉ ነበር ብዬ አስባለሁ።

ባለፈው ሳምንት ስልክ ተደወለ። ወጣት ልጅ ነው፣ ድምፁ ይቻኮላል። ዓሣ ከሩቅ አዝዞ በመንገድ ሁለት ቀን ቆይቶ ደርሶታል።

«እባክሽ እህቴ፣ ቱቦውንም ባልዲውንም አዘጋጅቻለሁ። ለስንት ሰዓት ነው ጠብ ጠብ የማደርግላቸው?»

«ላስቲኩን ከፍተኸዋል?» አልኩት።

«ኧረ ገና ነኝ።»

ትንፋሼ መለስ አለ። ወንበር ሳብኩና ተቀመጥኩ።

«እንዳትከፍተው። ባልዲውን ተወውና መጀመሪያ የገንዳህን ሙቀት አንብብልኝ።»