ኩስ መስሎኝ!

ዛሬ ጠዋት ሎሚ ልቀጥፍ ወጥቼ፣ ቅጠሉ ላይ ያለውን የወፍ ኩስ ላራግፍ ስል ተንቀሳቀሰ! ለካ የሎሚ ቢራቢሮ አባጨጓሬ ነው። ትንሽ ሳለ ወፍ እንዳይበላው ኩስ ይመስላል። አጠገቡ ያለው ታላቁ ግን እንደ ቅጠሉ አረንጓዴ ሆኗል። ነካ ሳደርገው ከራሱ ኋላ እንደ እባብ ምላስ መንታ የሆነ ነገር ብቅ አደረገ። ሽታው፣ ወይ ጉድ! እጄን ሁለቴ ታጥቤም አልለቀቀኝም።

ከሰዓት አንዲት ጥቁርና ቢጫ ቢራቢሮ መጣች (እናታቸው ትሁን አትሁን እንጃ)። ቅጠሉን በፊት እግሮቿ መታ መታ አደረገችው፤ የምትቀምሰው በእግሯ ነው። ሎሚ መሆኑን ስታረጋግጥ አንዲት ቢጫ እንቁላል ለጥፋ ወደ ሌላው ቅጠል በረረች።

መድኃኒት ልረጭ ነበር፤ ተውኩት። የታችኛው ቅርንጫፍ ግን ተላጭቷል።