የሜፕል ቱቦ ስትዘረጉ ገንዘባችሁን የትኛው መሣሪያ ላይ ታወጣላችሁ

በረዶው ሳይገባ፣ ለሜፕል ሲረፕ የሚሆነውን ፈሳሽ ከዛፉ የሚያወርደው ቱቦ የሚዘረጋበት ጊዜ ደርሷል፣ እና እዚህ ቨርሞንት ውስጥ አዲስ የሚጀምር ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ቱቦው ነው፣ የቱ ካምፓኒ ይሻላል፣ ሰማያዊው ነው ወይስ አረንጓዴው፣ ጥቅሉ ስንት ነው ምናምን። ስለ መሣሪያው የሚጠይቅ የለም ማለት ይቻላል። እኔ ግን ብትሰሙኝ ቅድሚያ የምነግራችሁ ስለ መሣሪያው ነው፣ ምክንያቱም ሲዝኑን የሚያበላሽባችሁ ብዙ ጊዜ ቱቦው ሳይሆን መገጣጠሚያው ነው፣ መገጣጠሚያውን ደግሞ ጥሩ ወይ መጥፎ የሚያደርገው እጃችሁ ላይ ያለው እቃ ነው።

ለማያውቀው ሰው ባጭሩ ልበል። ከየካቲት መጨረሻ እስከ ሚያዝያ መጀመሪያ (በፈረንጆቹ ፌብሩዋሪ መጨረሻ እስከ ኤፕሪል መጀመሪያ ማለቴ ነው) ሌሊቱ ከዜሮ በታች ወርዶ ቀኑ ከዜሮ በላይ ሲሆን የሜፕል ዛፍ ውስጥ ያለው ውሃ መሰል ሳፕ ይንቀሳቀሳል፣ ግንዱን በትንሹ ትበሱትና ይንጠባጠባል። ሁለት በመቶ ገደማ ስኳር ነው ያለው፣ ስለዚህ አንድ ሊትር ሲረፕ (ፈልቶ የወፈረው ጣፋጭ ማለት ነው) ለማግኘት ወደ 40 ሊትር ሳፕ ታፈላላችሁ። ድሮ ሁሉም ባልዲ ነበር፣ ከ1950ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ግን የፕላስቲክ ቱቦ መጣና ዛፎቹን አያይዞ በራሱ ቁልቁል ወደ ታንከር እንዲወርድ አደረገው። ዛፉ ላይ የሚገባችው ትንሽ አፍ ስፓውት ትባላለች፣ ከእሷ የሚወርደው አጭር ቱቦ ድሮፕ ነው፣ ድሮፑ ቲ ፊቲንግ በሚባል ባለ ሦስት አፍ ማገናኛ ላተራል ከሚባለው መስመር ጋር ይገናኛል፣ ላተራሉ ደግሞ ሳድል በሚባል እቃ ወፍራሙ ሜይንላይን ላይ ይገባል።

አሁን ቁጠሩ እስቲ። ስፓውቱ ከድሮፑ ጋር አንድ፣ ድሮፑ ከቲው ጋር ሁለት፣ ቲው በግራና በቀኝ ከላተራሉ ጋር አራት። ለአንድ ቀዳዳ ብቻ አራት መገጣጠሚያ። 500 ቀዳዳ ያለው ጫካ ሳድሉንና ሜይንላይኑን ሳንቆጥር 2000 መገጣጠሚያ አለው ማለት ነው። ሳፑን በቱቦው የሚስብ ቫኪዩም ፓምፕ ከገጠማችሁ ደግሞ እነዚህ ሁሉ አየር ማስገባት የለባቸውም፣ ምክንያቱም እዚህ አካባቢ እንደሚታወቀው ቫኪዩሙ በአንድ ኢንች ሜርኩሪ (የቫኪዩም መለኪያው ነው) ከፍ ባለ ቁጥር ሳፑ ከ5 እስከ 7 በመቶ ይጨምራል፣ ጥሩ የሚሠሩ ሰዎች ከ25 ኢንች በላይ ነው የሚይዙት፣ እና በደንብ ያልገባች አንዲት ፊቲንግ እዛ ዳገት ላይ ሆና ስታፏጭ ውላ የመስመሩን ቫኪዩም ታወርደዋለች።

ስለዚህ ባለ ሁለት እጁ የቱቦ መግጠሚያ ላይ አትሰስቱ። ዋጋው ያስደነግጣል አውቃለሁ፣ ፒንሳ የሚመስል ነገር ይህን ያህል ያወጣል እንዴ ትላላችሁ፣ ግን ሥራው ሌላ ነው። ላተራሉ በዛፎቹ መሀል እየተጠማዘዘ ተወጥሮ ነው የሚቆመው፣ እንዳይረግብና ውሃ እንዳይቋጥር፣ እና ያንን የተወጠረ ቱቦ ቆርጣችሁ መሀሉ ላይ ቲ ልታስገቡ ነው። በባዶ እጅ ከቆረጣችሁት ሁለቱ ጫፎች ወዲያና ወዲህ ይሸሹባችኋል፣ ጎትቶ ለማገናኘት ሁለት ሰው ያስፈልጋል። መሣሪያው ግን በሁለት ቦታ ቱቦውን ንክስ አድርጎ ይይዘዋል፣ እጀታውን ስትጨምቁት መሀሉ ያለው ይረግባል፣ የረገበውን ትቆርጣላችሁ፣ የቲውን አንድ ጎን ታስገቡና ትጨምቃላችሁ፣ ሌላኛውን ጎን ታስገቡና ትጨምቃላችሁ፣ ስትለቁት መስመሩ እንደተወጠረ ነው። አንድ ሰው፣ ያለ ሙቀት፣ ያለ ጉልበት። ከሁሉም በላይ ፊቲንጉ ቀጥ ብሎ ነው የሚገባው። ቱቦው የፊቲንጉን ጥርሶች በሙሉ አልፎ አንገቱ ጋ መድረስ አለበት፣ አንድ ጥርስ ውጭ ከቀረ ዛሬ የያዘ ይመስላል፣ ብርድ ሲመጣ ፕላስቲኩ ይኮማተርና መስመሩ ሲሳብ ሹልክ ብሎ ይወጣል።

መሣሪያ ስትመርጡ ፊቲንጋችሁን ኪሳችሁ ይዛችሁ ሂዱ። ሊደር፣ ሲዲኤል፣ ላፒየር የሚባሉት ካምፓኒዎች እያንዳንዳቸው የራሳቸው ቅርጽ ያለው ቲ አላቸው፣ አንዱ ክንፍ አለው አንዱ መንጠቆ አለው፣ መሣሪያው ላይ ፊቲንጉ የሚቀመጥበት ጎድጓዳ ቦታ የእናንተን ቲ በደንብ ካልያዘ ስትጨምቁ እየተንሸራተተ ያስመርራችኋል። እና ሱቅ ውስጥ ስትሞክሩት ጓንት አጥልቁ። የምሬን ነው። ሱቅ ውስጥ በባዶ እጅ የሚመች እጀታ ሁሉ ወፍራም ጓንት ሲደረግ አይመችም፣ እጃችሁ ትንሽ ከሆነ ደግሞ እጀታው ተከፍቶ ሲለጠጥ ጣታችሁ መድረሱን እዩ፣ ቀኑን ሙሉ እየከፈታችሁ እየዘጋችሁ ነው የምትውሉት።

ሙቀት ነገር። ብዙ ሰው መሣሪያውን ላለመግዛት ቱቦውን በማሞቅ ነው የሚገጥመው። ፔርሙዝ ውስጥ የፈላ ውሃ ይዞ ጫፉን ነከር አድርጎ ማስገባት ይሠራል፣ በተለይ ጠንከር ያለው ቱቦ በብርድ ጊዜ እንቢ ሲል፣ እኔም ሁሌ ሰፊ አፍ ያለው ፔርሙዝ ቦርሳዬ ውስጥ አለ። የእሳት ችቦ ግን ተዉት፣ ፕላስቲኩን ያሳሳዋል፣ አንዱን ጎን ከሌላው አብልጦ ያለሰልሰዋል፣ መያዝ ያለበትን ያህል መልሶ አይይዝም። ሌላው ደግሞ በጥርስ አኝኮ ማለስለስ የሚባለው ልማድ አለ፣ እባካችሁ ይህን አታድርጉ፣ አፋችን ውስጥ ያለው ባክቴሪያ ቱቦው ውስጥ ገብቶ ስኳር ያለው ውሃ አገኘ ማለት ነው፣ ሳፑንም ቀዳዳውንም ያበላሻል።

መቁረጫው ርካሽ ነገር ነው ግን ችላ አትበሉት። ቆራጩ ጫፉን ቀጥ አድርጎ መቁረጥ አለበት። በኤሌክትሪሻን ፒንሳ ከቆረጣችሁት ቱቦውን ጨፍልቆ ነው የሚቆርጠው፣ ሞላላ የሆነ ጫፍ ፊቲንጉ ላይ እኩል አይቀመጥም። ስለት ያለው የቱቦ መቁረጫ ወይም ጥሩ የአትክልት መቀስ ይበቃል፣ ስለቱ ሲዶለዱም ቀይሩት። መሣሪያው ላይ አብሮ የተገጠመ ስለት ካለ ደግሞ የሚቀየር መሆኑን ጠይቁ።

ባለ አንድ እጁ መሣሪያስ? እሱ ለቤት ነው። ድሮፖቹን ጫካ ውስጥ መሥራት ጊዜ መግደል ነው፣ ማታ ጠረጴዛ ላይ ቁጭ ብላችሁ ቱቦውን እኩል እኩል ቆርጣችሁ በአንዱ ጫፍ ስፓውቱን በሌላው ቲውን እየገጠማችሁ በመቶ በመቶ እያሰራችሁ ታስቀምጣላችሁ። ርዝመቱን ከ30 እስከ 36 ኢንች አድርጉት፣ አጭር ካደረጋችሁት በየዓመቱ አዲስ ቀዳዳ ስትበሱ የዛፉን ሌላ ጎን መድረስ ያቅታችኋል፣ ድሮ የተበሳው አጠገብ ያለው እንጨት ደግሞ ሳፕ አይሰጥም። ትንሽ ጫካ ላለው ሰው ባለ አንድ እጁ መሣሪያ ባይኖርም ይቻላል፣ ባለ ሁለት እጁ የእሱንም ሥራ ይሠራል፣ ዝግ ይላል እንጂ።

ዳገታችሁ ጥሩ ቁልቁለት ካለው ስለ ሦስት አሥራ ስድስተኛው ቱቦ ሰምታችሁ ይሆናል። የተለመደው ላተራል ውስጡ 5/16 ኢንች ነው፣ ቀጭኑ ግን 3/16 ነው፣ እና ቀጭን ስለሆነ ሳፑ ቱቦውን ሞልቶ ሲወርድ በክብደቱ ብቻ ያለ ፓምፕ ቫኪዩም ይፈጥራል። የቨርሞንት ዩኒቨርሲቲው ፕሮክተር የሜፕል ምርምር ማዕከል፣ አንደርሂል ያለው ማለት ነው፣ ብዙ የሠራበት ነገር ነው። ሂሳቡ ግልጽ ነው፣ አንድ ጫማ ቁልቁል የወረደ ውሃ 0.88 ኢንች ሜርኩሪ ገደማ ይሰጣል፣ ስለዚህ 30 ጫማ ቁልቁል ያለው መስመር ለፓምፕ የቀረበ ነገር ያገኛል። ግን መሣሪያ ስትገዙ ይህን አስቡ፣ መንጋጋው 3/16ንም 5/16ንም የሚይዝ ወይም የሚቀየር መሆን አለበት። ለ5/16 ብቻ የተሠራ መንጋጋ ቀጭኑን ቱቦ አጥብቆ አይዝም፣ ይንሸራተታል። ቀጭኑ ቱቦ በእንጨት ብናኝም ቶሎ ስለሚደፈን የምትበሱበት ፑንታ ስለታም ሆኖ ብናኙን ጠርጎ የሚያወጣ ለሜፕል የተሠራው ይሁን፣ የእንጨት ቤቱን ተራ ፑንታ አትጠቀሙ።

ወደ ሜይንላይኑ ስንሄድ መሣሪያው ይለያያል፣ ደስ የሚለው ግን አብዛኛው የአጥርና የግንባታ እቃ ነው፣ ሜፕል የሚል ስም ስለሌለው ይረክሳል። መጀመሪያ ጠንካራ የብረት ሽቦ ነው የሚወጠረው፣ እዚህ ብዙው ሰው 12.5 ጌጅ የሚባለውን የአጥር ሽቦ ነው የሚጠቀመው፣ ለመወጠሪያ በእጅ የሚሠራ መጎተቻ ዊንች ያስፈልጋችኋል። ሽቦው ዛፉን የሚነካበት ቦታ ሁሉ የጎማ ወይም የእንጨት መከላከያ አድርጉ፣ አለበለዚያ በዓመታት ውስጥ ግንዱን በልቶ ይገባል። ከዛ ጥቁሩን ቱቦ ሽቦው ላይ በየአንድ ጫማው በቀጭን ማሰሪያ ሽቦ ታስራላችሁ፣ ለዚህ ፌሮ የሚያስሩ ሰዎች የሚይዙት ሲጎትቱት የሚሽከረከረው መጠምዘዣ ነው የሚሆነው። ያው እሱ እቃ ነው። በፒንሳ ማሰር ይቻላል ግን መቶ ጫማ ላይ መቶ ጊዜ እጅን መጠምዘዝ ነው፣ አንጓችሁን እዘኑለት።

የሜይንላይን ፊቲንጎች በፋሸታ ነው የሚጠብቁት፣ የማይዝገውን አይነት ግዙ። የፋሸታው ጭንቅላት አብዛኛውን ጊዜ 5/16 ስለሆነ ባትሪ ድሪላችሁ ላይ 5/16 ሶኬት ግጠሙ፣ ግን የድሪሉን ኃይል ዝቅ አድርጉ፣ ከልክ በላይ የጠበቀ ፋሸታ ቱቦውን ቆርጦ ይገባል። ካቻቢቴ ቦርሳ ውስጥ ይኑር፣ ሥራው ላይ ግን አያዋጣም፣ በብርድ እጅ ከፋሸታው ስንጥቅ እየተንሸራተተ ይወጣል።

ሳድል ላይ ግን ርካሽ ነገር አትፈልጉ። ሜይንላይኑን በስታችሁ ነው የምታስቀምጡት፣ ቀዳዳው ክብና ንጹህ ካልሆነ ጎማው አይዘጋም። ተራ ፑንታ ፕላስቲኩን እየቦጨቀ ያወጣዋል፣ ቀዳዳውን ጠማማ ያደርገዋል፣ ቁርጥራጩም መስመሩ ውስጥ ይቀራል። ለሳድል የተሠራው መብሻ ግን ክቡን ቆርጦ ከነቁራጩ ይዞት ይወጣል፣ ሌላኛውን የቱቦ ግድግዳም እንዳይነካ ማቆሚያ ያለው አለ፣ እሱን ግዙ። ሳድሉን የገዛችሁበት ካምፓኒ ለሳድሉ የሚለውን የቀዳዳ መጠን ተከተሉ፣ ይበቃል ብላችሁ በግምት አትሂዱ።

እና ይህ ሁሉ ሳይገዛ በፊት ቁልቁለት መለኪያ ያስፈልጋል። ሜይንላይኑ ቢያንስ 2 በመቶ መውረድ አለበት፣ ማለትም በ100 ጫማ 2 ጫማ፣ እና በዓይን ብቻ ጫካ ውስጥ ቁልቁለት መገመት አይሆንም፣ ዛፎቹ ያዘነበሉ ስለሆኑ ዓይን ይሸወዳል። በዓይን የሚታይበት ትንሽ የእጅ ክሊኖሜትር ትልቅ ነገር ነው፣ አንዱ ሰው ታች ቆሞ ሌላው ላይ ሆኖ በደማቅ ሪባን ምልክት እያደረጋችሁ ትሄዳላችሁ፣ ቅጠሉ ከረገፈ በኋላ ሲሆን መስመሩ በደንብ ይታያችኋል። ግንበኞች የሚጠቀሙበት ውሃ ልክ ለአጭር ቦታ ይሆናል እንጂ ለረጅም መስመር አይበቃም።

የመጨረሻው ለጥገና የሚያዘው ቦርሳ ነው፣ ምክንያቱም ሽኮኮዎች አሉ። ቱቦውን ያኝኩታል፣ በየዓመቱ፣ ፊቲንጉንም ጭምር። ፓምፑ እየሠራ በመስመሩ ስትሄዱ ቱቦው ውስጥ አየሩ በፍጥነት ሲሮጥ ካያችሁ ወይም ፉጨት ከሰማችሁ እዛ አካባቢ ቀዳዳ አለ። ስለዚህ ቦርሳው ውስጥ ባለ ሁለት እጁ መሣሪያ፣ መቁረጫ፣ ቀጥተኛ ማገናኛዎች፣ ጥቂት ቲ፣ ትርፍ ድሮፖች፣ የቫኪዩም ጌጅ፣ ፔርሙዙ። መሣሪያዎቹን ደማቅ ብርቱካናማ ቀለም ቀቧቸው ወይም ቴፕ ጠቅልሉባቸው፣ የሚያንጸባርቅ ብረት በረዶ ውስጥ ከወደቀ እስከ ግንቦት አይገኝም፣ ትልቁን መሣሪያ ደግሞ በገመድ ቀበቷችሁ ላይ እሰሩት።

ያገለገለ መሣሪያ የምትገዙ ከሆነ ዋጋውን ትታችሁ መንጋጋውን እዩ። አዲስ ቱቦ ቁራጭ ይዛችሁ ሂዱ፣ አስነክሱትና በኃይል ጎትቱ፣ ከተንሸራተተ ጥርሱ አልቋል ማለት ነው፣ መለዋወጫ መንጋጋ የሚሸጥለት ሞዴል ከሆነ ግን ያንን ቀይራችሁ ለዓመታት ትሠሩበታላችሁ።