አራት ደቂቃ ሠርቶ የሚቆም ምስል፦ የካሜራ መልቲካስትን በስዊች ያስተካከልኩበት መንገድ

አሥራ አራት የአይፒ ካሜራዎች በሦስት ስዊቾች (የኔትወርክ መሣሪያዎችን በገመድ የሚያገናኙ ሳጥኖች) ላይ ተሰክተዋል፤ እያንዳንዱ ካሜራ በሰከንድ 4 ሜጋቢት ይልካል። ምስሉን የሚፈልጉት አራት ማሳያ ኮምፒውተሮችና አንድ መቅጃ ሰርቨር ብቻ ናቸው። አንዱ ካሜራ ለአምስት ተቀባይ አምስት ጊዜ እንዳይልክ ብዬ ወደ መልቲካስት፣ ማለትም ካሜራው አንድ ጊዜ ልኮ ስዊቾቹ ለተቀባዮቹ ወደሚያባዙበት አላላክ፣ ቀየርኳቸው። ወዲያው 56 ሜጋቢቱ በሙሉ በየፖርቱ (በየስዊቹ መሰኪያ) መፍሰስ ጀመረ፤ ፕሪንተሩም ሳይቀር ይደርሰዋል። ከሁሉ የተጎዳው ዋይፋዩ ነበር፤ አክሰስ ፖይንት መልቲካስትን አብዛኛውን ጊዜ በዝቅተኛ ፍጥነት ስለሚልክ ጥቂት ሜጋቢት እንኳ አየሩን ይሞላዋል።

ስዊቹ አልተበላሸም። ስዊች የትኛው ማክ አድራሻ (የኔትወርክ መሣሪያ መለያ ቁጥር) በየትኛው ፖርት እንዳለ የሚማረው ከላኪው አድራሻ ነው። የመልቲካስት አድራሻ ግን ምንጊዜም ተቀባይ እንጂ ላኪ ሆኖ አይመጣም፤ ስለዚህ ስዊቹ ሊያውቀው አይችልም፣ ያላወቀውን ደግሞ ለሁሉም ይበትናል።

ይህን የሚያስቀረው አይጂኤምፒ ስኑፒንግ ነው። ግሩፕ የሚባለው የአንድ ካሜራ ምስል የሚላክበት የመልቲካስት አድራሻ ነው። ተቀባዮች አይጂኤምፒ በተባለው ፕሮቶኮል «ይህን ግሩፕ እፈልጋለሁ» ብለው የሚልኩትን መልእክት ስዊቹ እያደመጠ ፖርታቸውን ይመዘግባል፣ ምስሉንም ለተመዘገበው ፖርት ብቻ ይሰጣል። በሦስቱም ስዊቾች ላይ ከፈትኩት። ትራፊኩ ረገበ፤ ነገር ግን ከካሜራው በተለየ ስዊች ላይ ያሉት ማሳያዎች ጨለሙ፤ ከካሜራው ጋር አንድ ስዊች ላይ ያሉት ደግሞ ፕሮግራሙ ተዘግቶ ሲከፈት አራት ደቂቃ ከምናምን ሠርተው ይቆማሉ።

ይህ የጊዜ ልክ በሽታውን ይናገራል። መዝገቡ የሚታደሰው በየ125 ሰከንዱ «ማን ምን ይፈልጋል?» ብሎ የሚጠይቅ መሣሪያ ሲኖር ነው፤ ኩዌሪየር ይባላል። ተቀባዮች በ10 ሰከንድ ውስጥ ይመልሳሉ። ሁለት ዙር ጥያቄና የመልስ ጊዜው ሲደመሩ 260 ሰከንድ ይሆናል፤ እስከዚያ ያልታደሰ ፖርት ይሰረዛል። እኔ ጋ ጠያቂ አልነበረም። ስዊቾቹም የተመዝጋቢዎችን መልእክት የሚያስተላልፉት ጠያቂው ወዳለበት አቅጣጫ ስለሆነ፣ ጠያቂ ከሌለ መልእክቱ ከአንዱ ስዊች ወደ ሌላው አይሻገርም። የእኔ ስዊቾች ያልተመዘገበ ግሩፕን ይጥላሉ። የሚበትን ስዊች ላይ ቢሆን ምስሉ አይቆምም፤ ጎርፉ ነው ተመልሶ የሚመጣው።

ጠያቂውን ዋናው ስዊች ላይ፣ በካሜራዎቹ ቪላን (በስዊቾቹ ላይ ለብቻው በተከፈለው ኔትወርክ) ውስጥ ከፈትኩ። ሁለት ነገር ልብ ይባል። አንደኛ፣ ለጠያቂው እውነተኛ አይፒ አድራሻ ይሰጠው፤ ከ0.0.0.0 የሚወጣን ጥያቄ የማይቀበሉ መሣሪያዎች አሉ። ሁለተኛ፣ ሁለት ጠያቂዎች ሲገናኙ የሚያሸንፈው ዝቅተኛው አድራሻ ነው። እኔ ለዋናው ስዊች 10.20.30.2 ሰጠሁት፤ የኢንተርኔቱ ራውተር ግን 10.20.30.1 ላይ ነበር፣ አይጂኤምፒውም ክፍት ነበር። ራውተሩ አሸነፈ። ስዊቾች ደግሞ ተጠየቀም አልተጠየቀ ማንኛውንም ግሩፕ ጠያቂው ወዳለበት ፖርት ይልካሉ፤ በዚህ ምክንያት 56 ሜጋቢቱ በራውተሩ 100 ሜጋቢት ገመድ ላይ ተጫነ። በራውተሩ ላይ አይጂኤምፒውን ዘጋሁት። ጠያቂ መቀመጥ ያለበት ሰፊ መስመር ያለው ማዕከላዊ ስዊች ላይ ነው፤ ዳር ያለ ስዊች ላይ ካደረጋችሁት ጠባቡን መስመር ራሳችሁ ታንቃላችሁ።

የግሩፕ አድራሻ ምርጫም ያጠምዳል። 32 ቢት ካለው የመልቲካስት አይፒ ወደ ማክ አድራሻ የሚገባው የመጨረሻው 23 ቢት ብቻ ስለሆነ 32 የተለያዩ ግሩፖች አንድ ማክ ይጋራሉ። ለአንድ ካሜራ 239.0.0.5 ብትሰጡት ማኩ ከ224.0.0.5 ጋር አንድ ይሆናል። የ224.0.0 ክልል ለራሱ ለኔትወርኩ ሥራ የተያዘ ስለሆነ ስዊቾች ሁልጊዜ ይበትኑታል፤ በማክ የሚለዩ ስዊቾች ያንን ካሜራም አብረው ይበትናሉ። 239.128.0.5ም ያው ነው። እኔ ከ239.10.20.1 እስከ 239.10.20.14 ያሉትን አደልኳቸው።

ቶሎ የማስወጣት ቅንብር፣ ፋስት ሊቭ፣ ፖርቱ ላይ አንድ ተቀባይ ብቻ ሲኖር ጥሩ ነው። ከፖርቱ በታች ሌላ ትንሽ ስዊች ካለ ግን አንዱ ማሳያ ሲወጣ የጎረቤቱም ምስል ይቆረጣል። ያለ እሱ መዘግየቱ ሁለት ሰከንድ ያህል ስለሆነ እንዲህ ባሉት ፖርቶች ላይ ዘግቼ ተውኩት።

ለማረጋገጥ ምንም ግሩፕ ያልጠየቀ ላፕቶፕ ሰክቼ ዋየርሻርክ (የኔትወርክ ፓኬቶችን የሚያሳይ ፕሮግራም) ከፈትኩ፦ በየ125 ሰከንዱ ከ10.20.30.2 የሚመጣ ጥያቄ መታየት አለበት፣ የካሜራ ፓኬት ግን አንድም መታየት የለበትም። ይህን ቢያንስ ለ10 ደቂቃ ተከታተሉት፤ ከካሜራው ጋር አንድ ስዊች ላይ ያለ ማሳያን ምስል ብቻ የሚያይ ከ260 ሰከንድ ያጠረ ሙከራ ጠያቂ ያለውንና የሌለውን ኔትወርክ አይለይም።